ሰው አለበት

ሽማግሌው ጤና ጣቢያው ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠና ከዘራውን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አጋደመ። አንዲት ባልቴት ልትቀመጥ ስትል፣ "ሰው አለበት" ብሎ ከለከላት።

ወንበር ለወንበር እየዞረች የጉንፋን ክትባት የምትሰጠው ነርስ በአፏ አንቱ፣ በልቧ አንተ ትለዋለች። አምና እዚሁ ሚስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ስትጠብቅ፣ "ጉንፋን ሰው አይገድልም፤ ተነሽ" ብሎ ጎትቶ ያስወጣት እሱ ነው። ወር ሳይሞላ ጉንፋኑ ሳንባዋ ገባና ሞተች። ዘንድሮ የጥቁር ኮቱ ቁልፍ በነጭ ክር ተወታትፏል።

ክንዱን ሲሰጣት፣ ለማንም የማትነፍገውን "አይዞዎት" ነፈገችው።

"ጨርሻለሁ፤ ይሂዱ።"

ባዶውን ወንበር እያየ አልነሳ አለ። "እሷንስ አትወጊያትም?"

ነርሷ ከዘራውን አንስታ አስጨበጠችው። ወደ ባልቴቷ ዞራም፣ "እማማ፣ ይቀመጡ፤ ወንበሩ ሰው የለበትም" አለች።