በረኛዋ ደጅ ያስጠናችው ድምፅ

ባሏ "በረኛዬ" ይላታል። ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትጠብቃለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ያለ ደሞዝ ሌላ ግምጃ ቤት። በነፃ የሚታደል የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር አለ፤ የዓለም ሰው በሱ ላይ የሚቀጠል ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም እየሠራ ወደ አንድ የጋራ ማከማቻ ይልካል፤ የፈለገ ያወርዳል። ሳይመረመር የሚገባ የለም፤ ከመርማሪዎቹ አንዷ እሷ ናት። እሷም የሠራችው አለ፤ ፊደል የሚያጎላ። ዓይናቸው ለደከመው እናቷ ብላ ነበር የጀመረችው። ብዙ ሰው ስለሚያወርደው በልቧ ትኮራበታለች።

አንድ ቀን አንድ የማታውቀው ሰው የድረ ገጽ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ተጨማሪ ላከ። ስትሞክረው እናቷ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"ማነው ይሄ ደግ ልጅ? ያንቺ ፊደል ቢጎላም ጉም ነው የሚሆንብኝ። ይሄ ግን ይሰማኛል። ተባረክ!"

ደስ ሊላት ሲገባ ድምፁን አጠፋችው። "መግለጫው አጥሯል፤ አስተካክለው ይላኩ" ብላ ጻፈች። አስተካከለ። "የፋይሎቹ ስም ግልጽ አይደለም" አለች። ቀየረ። በየመልሱ ሥር "ስለ ድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋት፤ እጇ ግን "ይግባ" የሚለውን አልነካም።

"በረኛዬ፣ ዛሬም ጎል አልገባብሽም?" አለ ባሏ ሸሚዙን እየተኮሰ።

"አርፈህ ተኩስ!"

"ጉድ! ካውያው እንኳ እንዳንቺ አልጋለም።"

በማግስቱ መልእክት ደረሳት። "ለዚህ እንዳልበቃሁ ገብቶኛል። ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታ። ሥራዬን አንስቼዋለሁ።"

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፦ "ሥራዎ እንከን የለውም። የኔን እንዳይበልጥብኝ ብዬ ነው ደጅ ያስጠናሁዎት። እባክዎ መልሰው ይላኩት፤ ሌላ መርማሪ ይየው። እኔ ለዚህ ፊት የለኝም።" ላከችው። መልስ አልመጣም።

"ልጄ፣ ያን ደግ ልጅ ክፈቺልኝ እንጂ" አሉ እናቷ።

የሙከራው ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ ነበር። የተነጠቀ ዕቃ መስሎ ታያት፤ መክፈት አቃታት። ወንበር ስባ አልጋው ራስጌ ተቀመጠችና የዕለቱን ዜና በራሷ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። ዓይኗ ግን በየመሀሉ ወደ መልእክት ሳጥኑ ይሸሻል።

"ደህና ታነቢያለሽ" አሉ እናቷ። "ትቸኩያለሽ እንጂ። እሱ ረጋ ብሎ ነበር።"

"እውነትዎን ነው እማዬ" አለችና ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ አዲስ ጀመረች።