ሐይቅ ላይ ሸራ የወጠርንበት እሑድ

ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። የሌሊት ፈረቃ እየተለቀቀ ነው፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ የቀረባቸው ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው የመንገዱን ዳር ይዘው ይወርዳሉ። እኔ የዚሁ ፋብሪካ መካኒክ ነኝ። ስድስቱን ቀን እዚህ እሠራለሁ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል አድራለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ደሴ ውስጥ ነርስ ናት፤ ልጃችን ሐያትም ከእርሷ ጋር ናት።

እሑድ የእኛ ቀን ነበረች። አንዷን የዘይነባ ተረኝነት፣ አንዷን የቀበሌ ስብሰባ፣ ሌላዋን የማሽን ብልሽት እየወሰደብን ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ሦስታችን ጀልባ ላይ አልወጣንም።

አዎ፣ ጀልባ አለን። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ስሠራ ከዓሣ አጥማጆች ሸራ መወጠር ተማርኩ። አገሬ ከተመለስኩም በኋላ የባሕሩ ነገር አልለቀቀኝም። ሳንቃ ለቃቅሜ፣ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቀድጄ፣ ሐይቅ ዳር ከአጎቴ ከአሊ ደጅ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሠራሁ።

ዛሬ ለዘይነባ የምነግራት ነገር አለኝ። የአሰብ ጓደኞቼ ወደቡ ላይ ሥራ አግኝተውልኛል፤ መልሴን እየጠበቁ ነው።

የሐረጎን ዳገት በኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ወጣሁት። ሾፌሩ ከአሰብ ነው የሚመጣው።

«አሰብ እንዴት ናት?» አልኩት።

«ሙቀቷ አይጣል ነው! መሸት ሲል ግን ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል። ያኔ ሰው ሁሉ አልጋውን ይዞ ደጅ ይወጣል።»

«ቤተሰብ አለህ?»

«ደብረ ብርሃን። ትንሿ ልጄ ስመጣ ጋሼ ነው የምትለኝ፤ እንግዳ መስያት።»

እየሳቀ ማርሽ ቀየረ። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ረፋድ፣ ደሴ

ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሐያት እናቷ ጀርባ ተሸሽጋ ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ ሮጣ መጣች። ባለፈው ሳያት እግሯን ይሸፍን የነበረው ቀሚስ ዛሬ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል።

ዘይነባ ከሰላምታም በፊት፣ «ማታ ተረኛ ነኝ። ሳይመሽ መመለስ አለብን» አለችኝ።

ዳቦና ብርቱካን ገዝተን አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ መሣሪያ ያነገተ ወጣት ወረቀታችንን አገላበጠ።

«ሐይቅ ምን ልትሠሩ ነው?»

«ጀልባ ልንቀዝፍ» አለች ሐያት ቀድማኝ።

ወጣቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «በዚህ ዘመን ጀልባ!» አለና አሳለፈን። ፊቱ ላይ ንዴት አላየሁም፤ አብሮን ቢሳፈር ደስ የሚለው ይመስል ነበር።

ቀትር፣ ሐይቅ

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ» አልኩ ደጁ ላይ።

«ወዓለይኩም ሰላም! ምነው ጠፋችሁሳ? ጀልባችሁ ውስጥ ዶሮዬ ታቅፋበት ነበር እኮ!» አሉ አጎቴ አሊ።

«ይቅር ይበሉን፤ ሥራ ነው።»

«ሥራስ አያልቅም ልጄ። የምናልቀው እኛ ነን።»

የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን፣ የዙህር ሶላት ሰገድን፣ ጀልባዋን ገፍተን አወጣን። ውኃው እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ከወዲያ ማዶ የሐይቁ ገዳም ዛፎች ጠቁረው ይታያሉ። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ሐያት እልል አለች፤ እኔም ለአፍታ አሰብ ያለሁ መሰለኝ።

«ዘይኑ» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለ አሰብ ነው?» አለች፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሳ። የጓደኛዬ እህት ቀድማ ነግራታለች።

«ከሰማሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ።»

«ደመወዙ ይሻላል። በዓመት አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ዕረፍት አለው። እናንተም ትመጣላችሁ፣ በትልቁ ባሕር ላይ...»

«እኔ ሌሊት ተረኛ ስሆን ልጅህ የት እንደምታድር ታውቃለህ? ጎረቤት። ጫማዋን አውልቂ ሲሏት እምቢ ትላለች አሉ። ‹እናቴ ስትመጣ ቶሎ እንድሄድ ነው› ትላለች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባሕሩ ይናፍቅሃል፤ አውቃለሁ። እኛም ሰው ይናፍቀናል።»

ወዲያው ነፋሱ ተለወጠ። ከአምባሰል ተራራ በኩል ድንገት ወርዶ ሸራውን መታው፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ተንጋደደች። ገመዱን ልፈታ ስታገል ሸራው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ውኃ ገባ። ሐያት ጮኸች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እማዬ! ምሰሶውን አጥብቀሽ ያዢ!» አለቻት ዘይነባ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አንዱን መቅዘፊያ አነሳች። ቀዝፋ አታውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እኔ «ሳቢ!» ስል ትስባለች። ሁለታችንም ትንፋሽ ሲያጥረን ሐያት በእኔ ፈንታ «ሳቡ! ሳቡ!» ማለት ጀመረች። የባሕር ሰው ነኝ የምለው ሰውዬ ያን ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚህን ሁለቱን ይዤ መሬት መርገጥ።

ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የዘይነባ መዳፎች ውኃ ቋጥረዋል። አጎቴ አሊ እየሮጡ መጥተው ሐያትን በጋቢያቸው ጠቀለሏት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ምሽት፣ ደሴ

ማሽላ የጫነ መኪና ይዞን ተመለሰ። ሐያት እቅፌ ውስጥ ተኛች፤ ዘይነባ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ መንገዱን ታያለች። አንድ የደሴ ጋራዥ ባለቤት ሁለት ጊዜ «ና ከእኔ ጋር ሥራ» ብሎኝ ነበር፤ ደመወዙ ከፋብሪካው ያነሰ ነው ብዬ ተውኩት። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ስለ ጋራዡ አሰብኩ። ስለ አሰብም አሰብኩ። የባሕሩ ነፋስ አሁንም ይናፍቀኛል፤ አይናፍቀኝም ብል እዋሻለሁ።

ቤት ገባን። ዘይነባ መዳፏን ቫዝሊን ቀብታ ነጭ ጋውኗን ለበሰች። ሐያት አልጋዋ ላይ ሆና ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ ጠዋት ስነቃ ትኖራለህ?»

ዘይነባ በሩን እንደያዘች ቆመች።

«አልኖርም» አልኳት። «ጎህ ሲቀድ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከሥራዬ መልቀቂያ እጠይቅና ዕቃዬን ጭኜ ወደዚህ እመጣለሁ፤ እዚሁ ጋራዥ እሠራለሁ።»

«አሰብስ?» አለች ዘይነባ።

«ለአሰብ እምቢ እላለሁ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ወደ ልጃችን ዞረች።

«ሐያት፣ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መደርደሪያ ለአባትሽ ባዶ አድርጊለት» አለቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች።