ሞማኚ የቀነሳት አምስት ዓመት

ስድሳ የሞላውን ሰው አንቱ ማለት ደንብ ነው። ሞማኚን ግን አንተ እያልን እናወራለን፤ ቅር ቢለው ጥፋቱ የራሱ ነው። በወረቀት ላይ ገና ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ኪሲ ኮረብታ ላይ ያለው የሻይ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀጥር ነው። ማስታወቂያው «ከሃያ አምስት ዓመት በታች» ይላል። ሞማኚ ሃያ ዘጠኝ ሆኖታል። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ፣ የታናሽ ወንድሙን ሸሚዝ ተዋሰ፣ ቅጹ ላይ ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። መታወቂያውንም ጠፋብኝ ብሎ በዚያው ዕድሜ አዲስ አወጣ። በዚያ ዘመን ይህን ለማጣራት የሚደክም አልነበረም።

ቅጠል ማጠውለጊያው ክፍል መደቡት። እዚያ ሥራውን አሳምሮ ያዘ፤ ይህን አንነፍገውም። ቅጠሉን በጡጫው ጨብጦ ሲለቀው ካልተበተነ፣ ደርሷል ማለት ነው። በኋላ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ሲመጣ እንኳ፣ አለቆቹ መሣሪያው ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡት ሞማኚን ጠርተው ነበር።

በተቀጠረበት ዓመት ኬሩቦን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ሥራ እንዳለው ለማሳየት የቅጥር ደብዳቤው ለአባቷ ተነበበ፤ ዕድሜውም አብሮ ተነበበ። ኬሩቦ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አክስቶቿ ተያዩ። ሙሽራዋ ሙሽራውን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች ማለት ነው። አባቷ አፈሩና ለልጃቸው ጥሎሽ ሊጠይቁ ካሰቡት ስድስት ላም አንዷን ተዉ። ሞማኚ በዚህ ጊዜ አፉን መክፈት ይችል ነበር። ጫማውን ሲያይ ቆየ።

በዚያ አገር ባንድ ወቅት አብረው የተገረዙ ልጆች እስከ ሞት እኩያ ናቸው፤ ወረቀት ቢዋሽ ግርዛት አይዋሽም። ስለዚህ የኬሩቦ አጎት ጠየቁ፤ «ይህ ልጅ ከኛንጋው ጋር አይደል የተገረዘው? ኛንጋው እኮ ሠላሳ ሊሞላው ነው።»

«እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር» አለ ሞማኚ። «ትልልቆቹን ተከትዬ፣ እምቢ አልቀርም ብዬ ሄድኩ።»

«አለቀስክ?»

«አላለቀስኩም።»

ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመው ኛንጋው ሳል ያዘው። እኩያ እኩያውን አያጋልጥምና ከሳሉ በቀር ምንም አላለም። ሳያለቅስ የተገረዘው የአምስት ዓመት ጀግና ወሬ መንደሩን አዳረሰ። ወሬው እየተጋነነ ሄዶ፣ ሦስተኛ ልጃቸው ሲወለድ ጀግናው የተገረዘው በአራት ዓመቱ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱን እትዬ ይላታል። ምሳ ሲዘገይ «እትዬ ደክሟታል»፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ «ለእትዬ ቦታ ልቀቁላት»። ሰው ይስቃል፣ ኬሩቦም ትስቃለች። ግን በየወሩ ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ትቀባለች፣ ሠርግ ላይ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ ትቆማለች። ሞማኚ ይህን አይቶ አያውቅም፤ ለነገሩ ቤት የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን የፋብሪካው መኖሪያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ኬሩቦ ከምንጭ ውኃ እየተሸከመች፣ ሙዙንና ሻዩን ብቻዋን እየተንከባከበች ጡረታውን ጠበቀች። ሲወጣ ትልቅ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ሊያስተክል፣ ሁለት የወተት ላም ሊገዛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ ማታ ቤቱ ሊገኝ ቃል ገብቶላታል።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ ግድም ሬዲዮ አዲስ ሕግ ወጣ አለ። የጡረታ ዕድሜው ደርሶ የሚወጣ ሰው ከጡረታ ገንዘቡ ላይ ግብር አይቆረጥበትም። ሞማኚ በጃንዋሪ ቀደም ብሎ ሊወጣ አስቦ ነበርና፣ ሕጉ እሱንም የሚመለከት መስሎት ደስታው ወሰን አጣ። የሚተርፈውን ግብር በሐሳቡ ሦስተኛ ላም አደረገው። በነጋታው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ወደ ጌሳሬ ቢሮ ሄደ።

ጌሳሬ ፋይሉን ገለጠች፤ እንደ አገሩ ደንብ የምትጠራው በልጁ ስም ነው። «የቦሲቦሪ አባት፣ የእኛ የጡረታ ዕድሜ ስድሳ ነው። እርስዎ ገና ልጅ ነዎት።»

«ጉልበቴን ጠይቂው።»

«ጉልበትዎ ቅጽ አልሞላም። አሁን ከወጡ ግብሩ ይቆረጣል፤ ወደ ሩብ ይጠጋል። አምስት ዓመት ከታገሡ ግን ሙሉውን ይወስዳሉ።»

ሞማኚ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። «ዕድሜው በስህተት ተጽፎ ቢሆንስ?»

«ማን ነው የጻፈው?»

«አንድ ወጣት።»

ጌሳሬ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያ ወጣት ሲቀጠር ዋሽቶ ከሆነ ፋብሪካው ጡረታ ሳይሆን ስንብት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የቦሲቦሪ አባት፣ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

እዚያው ፋብሪካ የእንፋሎት ማሞቂያው ክፍል የሚሠራው ኛንጋው በዚያው ወር ስድሳ ሞልቶት፣ ሙሉ ገንዘቡን ይዞ ወጣ። በር ላይ ሻንጣውን ተሸክሞ ሞማኚን ተሰናበተው። «እኛ ሽማግሌዎቹ ሄድን» አለው። «አንተ ልጅ ነህ፣ በርታ።»

ሞማኚ ሦስት ቀን አሰበና በረቡዕ ቤቱ ሄደ። ኬሩቦ በረቡዕ ስታየው ሰው የሞተ መስሏት ቢላዋ እንደያዘች ተነሳች። ሙዝ እየላጠች ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ የሕጉን ነገር አስረዳት፤ አምስት ዓመት ቢጨምር ምን ያህል እንደሚያተርፉ እየነገራት ሳለ ድምፁ ራሱን አስደሰተው።

«አምስት ዓመት» አለች ኬሩቦ። «ያኔ እኔ ስድሳ ሁለት ይሞላኛል።»

«አምስት ዓመት ምን አላት፣ ቶሎ ትደርሳለች።»

«ላንተ ምን አላት። አንተ ያኔም ጎረምሳ ነህ። እኔ ግን አሮጊት ነኝ። ራስህ እትዬ ትለኝ የለ?»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ፣ ሙዟን እየላጠች ነው። ብትቆጣ ኖሮ በቀልድ ያልፈው ነበር። ጣቶቿን አየ፤ ጥፍሮቿ ሥር የፀጉር ቀለም ጥቁረት ቀርቷል። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም።

«ኬሩቦ፣ እኔ ስድሳ ዓመቴ ነው።»

«ምንህ?»

«ስድሳ። በሦስት ዓመት እበልጥሻለሁ። ለፋብሪካው ብዬ ነው የቀነስኩት፤ ከዚያ አባትሽ ፊት ተነበበ፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።»

ኬሩቦ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስትገረዝ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አስር።»

«አላለቀስክም?»

«ትንሽ።»

«አባቴን አንድ ላም በላኸው» አለች፤ ልጣጩን ሰብስባም ወደ ጓሮ ወጣች። ሞማኚ ምሳ ሳይበላ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ቅጠሉን ጨብጦ ቢለቀው እንኳ መድረሱን አለመድረሱን መለየት አቃተው።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ።

«ግብሩን መንግሥት ይውሰደው» አለች ኬሩቦ፣ ሰላምታም የላት። «ጋኑ ይቅር። ላም አንዲት ትገዛለህ፤ እሷም የአባቴ ላም ምትክ ናት፣ ወተቷን ለእኔ እንጂ ላንተ አላልብም። አምስት ዓመት ግን አልጠብቅህም። ና።»

ሞማኚ ሰኞ ዕለት የመውጫ ወረቀቱን ፈረመ። ጌሳሬ ወረቀቱን ስትቀበለው «ገና በልጅነትዎ» ብላ አዘነችለት፤ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር።

ቤት በገባ ሳምንት ጎረቤቶች፣ ሰው በጉልበቱ እያለ እንዴት ጡረታ ይወጣል ብለው ጠየቁ። እውነቱን ማውራት አይቻልም፤ ፋብሪካው ሩቅ አይደለም። ኬሩቦ ናት የመለሰችው። «እውነት ነው፣ ገና ሃምሳ አምስት ነው» አለችና ባዶ ጀሪካን አስያዘችው። «እስኪ ጉልበቱን ያሳየን።»

ጋን የለምና ውኃው ያው ከምንጭ ነው የሚመጣው። ሞማኚ መውረዱን በደህና ወረደ። ሲወጣ ግን ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበቱ እምቢ አለውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ይህን መንገድ የተመላለሰው ማን እንደሆነ ያሰበው ያኔ ነው።

ኬሩቦ ባዶ እጇን ስትወርድ አየና ቶሎ ብሎ ተነሳ። ሻሽ አላደረገችም፤ ሽበቷ ብቅ ብቅ ብሏል። ጀሪካኑን ከእጁ ያዘች።

«ተዪው፣ እኔ አደርሰዋለሁ።»

«አምጣ እንጂ ጋሼ» አለችው። «እኔ ልጅቷ እያለሁ አንተ ትሸከማለህ እንዴ?»

ለቀቀላት። እሷ ፊት ፊት ወጣች፣ እሱ ከኋላዋ ቀስ እያለ ተከተላት፤ አፈረም፣ ደስም አለው።