በግራ እጅ የተሸነፍንበት ቀን

የያዙኝ ዲላ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹን ለሩጫ አሰልፌ ነበር። ሁለት ሰዎች መጡና «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አሉኝ። በአገራችን የአንድ አፍታ ርዝመት በሰዓት እንደማይለካ ስለማውቅ ፊሽካዬን ለክፍሉ አለቃ ሰጥቼ ሄድኩ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ክስ የሚባል ነገር አልተነበበልኝም። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ተቀብለው አስገቡኝ።

ክፍሉ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው አሁንም ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። መስኮት የለውም፤ አየር የሚገባው ከብረት በሩ ሥር ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። እስረኛው በሦስት ረድፍ ይተኛል፤ የበር፣ የመሀልና የባልዲ። የባልዲውን ሥራ መግለጽ አያስፈልገኝም። አዲስ ገቢ ስለነበርኩ እዚያው ባልዲው ጋ ቦታ ደረሰኝ።

ከጎኔ ከወርቃ በኩል ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተይዘው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሀይቻ እንላቸው ነበር፤ ጌዴኦ የሸንጎ ሽማግሌውን የሚያከብርበት አጠራር ነው። ደረታቸው ያፍናቸዋል። ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ትንፋሻቸው ማፏጨት ይጀምራል፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። የዚያን ጊዜ የምፈራው ምርመራውን ሳይሆን እሳቸው አጠገቤ ታፍነው እንዳይሞቱ ነበር። የበር ረድፍ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ «ወደዚህ ይምጡ» ብለዋቸዋል። እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

«ጎረቤቶቼ እዚህ ናቸው» አሉ። «ሰው ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?»

ስለዚህ እሳቸው አየር እንዲያገኙ የኛ ረድፍ በሙሉ ከበር ረድፍ ጋር ቦታ መቀያየር ነበረበት። ረድፍ በሙሉ ቦታውን በልመና አይለቅም። አንድ ቀን በዚሁ ነገር ጠብ ተነሳ፤ ጠባቂዎች ገብተው የተጣላውንም የተኛውንም እኩል ደበደቡን። በማግስቱ ከበር ረድፍ አንድ ጭነት አውራጅ ሐሳብ አመጣ።

«በክንድ ትግል እንግጠም በቃ። ያሸነፈ ሳምንቱን በሩን ይውሰድ።»

ክንዱ የኔን ጭን ያክላል። ሐሳቡን ያመጣው እሱ መሆኑ አልገረመኝም። እኔ ደግሞ ደንብ ሲጣመም አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ያሳሰረኝም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

«ይሄ የግል ውድድር ነው» አልኩ። «ቦታው የረድፍ ከሆነ ነጥቡም የረድፍ ይሁን።»

ሀዋሳ ላይ በወሰድኩት የክንድ ትግል ዳኝነት ሥልጠና የተማርኩትን አስረዳኋቸው። ሰው በኪሎ ይከፈላል፤ ከየረድፉ ለየኪሎው አንድ ሰው ይቆማል፤ ከባድ ከከባድ፣ መካከለኛ ከመካከለኛ፣ ቀላል ከቀላል ይገጥማል። በየኪሎው አንደኛ የወጣ ለቡድኑ አሥር ነጥብ፣ ሁለተኛው ሰባት፣ ሦስተኛው አምስት ያመጣል። ጠረጴዛው ላይ ያልቀረበ በዚያ ግጥሚያ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ ይደመራል። ጭነት አውራጁ የፈለገውን ያህል ቢበረታ ከአሥር በላይ ማምጣት አይችልም፤ የተሸነፈው ከሲታም ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስም።

«ድር ቢያብር በለኛ» አለ ከመሀል ረድፍ አንዱ። ተስማሙ። ዳኛው ከባልዲ ረድፍ መሆኑን ማንም አላነሳም።

ሚዛን አልነበረንም። ከጨለለቅቱ የመጣ አንድ ቡና ሰብሳቢ ግን «ዕድሜዬን ሙሉ እሸት ቡና ሳነሳ ኖሬአለሁ» አለና እያንዳንዳችንን በብብታችን ይዞ እያነሳ መዘነን። «ይሄ ሃምሳ ሁለት፣ ቅማሉን ጨምሮ» ይላል። ክፍሉ ሳቀ። ከገባሁ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ነጥቡን የምንቆጥረው ከወለሉ ስንጥቅ በለቀምነው የቡና ፍሬ ነው። ጠረጴዛችን የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ሆነ።

በከባዱ ጭነት አውራጁ ሁሉንም ጣለ፤ የኛ ሰው ሦስተኛ ወጣ። በመካከለኛው ደግሞ ከሀይቻ ጎረቤቶች አንዱ አንደኛ ወጣልን፣ በር ሁለተኛ ሆነ። በር አሥራ ሰባት፣ እኛ አሥራ አምስት። የቀረው ቀላሉ ኪሎ ነው። በዚያ ኪሎ ከኛ የሚገኙት ሀይቻ ብቻ ነበሩ።

የመሀሉን ረድፍ የቢሮ ሠራተኛ ሳያስቡት አጋደሙት። ዶማ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ነው። የበሩ ተወዳዳሪ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያንኑ ሰውዬ አሸነፈ። የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሀይቻ ካሸነፉ ሃያ አምስት ለሃያ አራት በሩ የኛ ይሆናል። እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት በሩ ተከፈተና ተማሪው ለምርመራ ተጠራ።

ሲመለስ ቀኝ እጁን በግራው አቅፎ ነበር። አንጓው አብጦ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅነውም።

«ቲቸር፣ እኔ በቃኝ» አለ። «ለሀይቻ ይሁን።»

ደንቡ ግልጽ ነው። አሥር ፍሬ ቆጥሬ ወደ ረድፋችን ገፋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሀይቻ ፍሬዎቹን አዩና በመዳፋቸው ጠርገው ወደኔ መለሷቸው።

«መምህር፣ ይሄ እጅ እዚህ ነው የወደቀችው?»

«አይደለም።»

«ማነው የጣላት?»

ዓይኔን ወደ ብረት በሩ አነሳሁ።

«እንግዲያው አሥሩ የመርማሪዎቹ ነው። እነሱ ለኛ ረድፍ ገጥመው አሸነፉ ማለት ነው። እኔ ከነሱ ጋር ባንድ ረድፍ አልቆጠርም።»

«ሀይቻ፣ ደረትዎስ?» አለ ጎረቤታቸው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ደረቴ የኔ ነው» አሉና ግራ ክርናቸውን ሳጥኑ ላይ አኖሩ። «ግራ ይቻላል?»

በትልልቅ ውድድሮች ግራ እጅ ለብቻው ይካሄዳል፣ ነጥቡም ለብቻው ይያዛል። እኔ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት እጅ ከገጠሙ ይበቃል ብዬ ፈቀድኩ።

ተማሪው ተንበረከከ። ጀመሩ፤ እጆቹ መሀል ላይ ቆሙ። ልጁ እየገፋ እንዳልሆነ ማንም ያያል። ሽማግሌ መጣል አሳፍሮታል።

«ልጄ፣ አዘንክልኝ?» አሉት።

«አይ፣ ሀይቻ…»

«ግፋ እንጂ!»

ገፋ። ሀይቻ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙ፤ አንገታቸው ላይ ሥር ተገተረ፣ ትንፋሻቸው አፏጨ። ከዚያ እጃቸው ቀስ እያለች ወርዳ ሳጥኑን ነካች። ተነስተው የልጁን ትከሻ ሳሙት። እኔም ፍሬዎቹን ቆጥሬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ ሃያ ሰባት ለሃያ ሁለት፣ የበር ረድፍ አሸናፊ።

«አቦ ሀይቻ፣ ይምጡ በቃ! ማን ይከለክልዎታል?» አለ ጭነት አውራጁ።

«ተሸንፈናል። ነገር አታበላሽ» አሉና ባልዲው አጠገብ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መጋል ጀመረ። የሀይቻ ፉጨትም ተነሳ። የበር ረድፍ ሰዎች ከብረቱ ሥር ያለውን ክፍተት በገላቸው ደፍነው ተኝተው ነበር። መጀመሪያ ተማሪው ተነሳና እግሩን አጥፎ ግድግዳውን ተደገፈ። ቀጥሎ ጭነት አውራጁ ያንን ሁሉ አካሉን ሰብስቦ ተጠጋ። አንድ በአንድ ተጨናንቀው ተቀመጡና መሀል ለመሀል መንገድ ተከፈተ። የመሀል ረድፍም አይቶ እንደዚያው አደረገ። ማንም ቦታውን አልለቀቀም፤ ውጤቱም አልተነካም። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛ አየር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ሀይቻ አንዴ አዩአቸውና ፊታቸውን ወደ አየሩ አድርገው ጋደም አሉ።

በቀጣዩ ሳምንትም ተሸነፍን። ያቺ መንገድ ግን ሀይቻ እስኪፈቱ ድረስ አልተዘጋችም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ፤ በትምህርት ቤቶች ውድድርም እዳኛለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያልቀረበ ተወዳዳሪ ሲኖር ደንቡ የሚለውን አደርጋለሁ፤ አሥሩን ለቀረበው እሰጣለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን የቀረው ልጅ የት እንዳለ ሰው ልኬ አስጠይቃለሁ። ደንቡ ውስጥ የለም። ጓደኞቼ ውድድር ታዘገያለህ ይሉኛል፤ አዎ፣ አዘገያለሁ።