የፕሮኮፒስ ዘይትና የቀይዋ ፒክአፕ ፍሬን

ኢግናቲስ የመንደራችን መካኒክ ነው። ሥራው መኪና መጠገን ይባል እንጂ የቀኑን ግማሽ የሚያጠፋው ሰው ላለማስቀየም ነው። ከጋራዡ ፊት ለፊት ቡና ቤት አለ። እዚያ የሚቀመጡት ወንዶች መኪናው ክሪክ ላይ ሳይወጣ መርምረው፣ ፈርደው ይጨርሳሉ። ኢግናቲስ ሁሉንም ሰምቶ ራሱን ይነቀንቅና እጁን በጨርቅ ጠርጎ የራሱን ይሠራል።

በዚህ ጠባዩ በሃያ ዓመት ውስጥ ደንበኛ ያጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአንዱን ሰው የወይራ ዘይት ቀመሰና «ትንሽ ሸተተኝ መሰለኝ» አለው። ሰውየው፣ ወንድሞቹና የሚስቱ ወገን በሙሉ እስከ ዛሬ መኪናቸውን የሚያሠሩት ከተማ ወርደው ነው። እኛ በግሪክ ደሴት በሌስቮስ ላይ የሰው ሚስት ብትታማ በፋሲካ ይታረቃሉ። ዘይቱ ከታማ ግን ልጆቻቸው እንኳ አይጋቡም።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ወይራ በሚለቀምበት ሰሞን፣ የሽማግሌው የፕሮኮፒስ ቀይ ፒክአፕ ከፊት ጎማዎቿ እየጨሰች ጋራዡ በር ላይ ቆመች። የነዳችው ምራቱ ሚርሲኒ ናት። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ፕሮኮፒስ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጎኗ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል። ሁለቱ ልጆቿ መሐል ላይ ተጨናንቀው ነበር። ትንሹ መስኮቱን ይልሳል።

ሚርሲኒ እንደነገረችው፣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ አልሄድ አለች፤ ሰው ከኋላ የያዛት ይመስል ነበር። ቆመው ግማሽ ሰዓት ሲያበርዷት ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ያዛት። ከቡና ቤቱ አንዱ ኩሽኔታ ነው አለ፣ ሌላው የጎማው ንፋስ ነው አለ፣ ሦስተኛው ጥፋቱ የማዘጋጃ ቤቱ መንገድ እንደሆነ ካርታ መጫወቱን ሳያቋርጥ አስረዳ።

ኢግናቲስ የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሣና በእጁ ሊያሽከረክረው ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። ፍሬኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የማስተንፈሻ ብሎን ላላ አደረጋት። ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ዞረ። ለሚርሲኒ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ቢነሣም ግፊቱ መስመሩ ውስጥ ታፍኖ እንደሚቀር ነገራት። ከዚያ የፍሬን ፈሳሹን ዕቃ ክዳን ከፈተ። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ጎሚኒ እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል። ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ። ክዳኑን ዘጋው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ ከፈተው።

«አጎቴ፣ እዚህ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?»

«ቀይ መብራት በራ፤ ጨመርኩ፤ ጠፋ» አለ ፕሮኮፒስ።

«ምን ጨመሩ?»

ፕሮኮፒስ የአባቱን ስም የተጠየቀ ያህል አየው። «የራሴን ነዋ! ምን እንደገባበት የማይታወቅ ነገር ከሱቅ ልግዛ?»

ለነገሩ እሱ በዘይቱ የማያክመው ነገር የለም። የልጅ ሳል፣ የበር ማጠፊያ፣ ቃጠሎ፣ ጫማ፣ የጎረቤት በግ ጆሮ። ፍሬን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ኢግናቲስ ችግሩ ገብቶታል። ሚርሲኒ ነገ ጠዋት ወይራውን ጭና ልጆቹን ይዛ የመንገዱን አሥራ ሰባት ጥምዝምዝ ወርዳ የዘይት መጭመቂያው መድረስ አለባት፤ ተራቸው ነው። ያበጠ ጎሚኒ የያዘ ፍሬን ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ግሎ ግሎ፣ ፈሳሹ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ይህን ለማለት ግን የፕሮኮፒስን ዘይት መክሰስ ሊኖርበት ነው፣ ያውም ቡና ቤቱ እየሰማ። እናም መጀመሪያ በብልሃት ሞከረ።

«ጥፋቱ የጎሚኒዎቹ ነው፣ አጎቴ። የእርስዎ ዘይት ከበዳቸው። ጠጥተው ጠጥተው አበጡ። ሁሉም መቀየር አለበት። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

ፕሮኮፒስ ፊቱ በራ። ሰዎቹ መስማታቸውን ለማረጋገጥ ወደ ቡና ቤቱ ዞረ። ከዚያ የኢግናቲስን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ገባኝ። በርትቶበት ነው። እንግዲያው የአምናውን እጨምራለሁ፣ እሱ ቀለል ይላል። ዛሬውኑ ጨርሳት» አለው።

ኢግናቲስ መስኮት የሚልሰውን ልጅ አየ። ጨርቁን መሬት ላይ ጣለው።

«የአምናውም የዘንድሮውም አይገባም፣ አጎቴ። ከቤተ ክርስቲያን መብራት ላይ ቢቀዳ እንኳ አይገባም። ዘይትዎ ነው መኪናዋን ያበላሸው። ነገ በዚህ ፍሬን ከወረዱ እነዚህ ልጆች ገደል ነው የሚገቡት።»

ቡና ቤቱ ውስጥ ካርታ መምታት ቆመ። ፕሮኮፒስ ከንፈሩ ነጣ።

«ተነሺ፣ ምራቴ» አለ። «ከተማ ወርደን እናሠራታለን።»

ሚርሲኒ ቁልፉን ከመኪናዋ ነቅላ ለኢግናቲስ ሰጠችው።

«በየትኛው ፍሬን ነው የምንወርደው፣ አባባ?»

ፕሮኮፒስ ወደ ቡና ቤቱ ዞረ፤ አንድ ሰው እንኳ አላገዘው። ልጆቹን አውርዳ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች፤ እሱም ከኋላ ተከተላት።

በማግስቱ ተራቸው እንዳያልፍ የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች የወሰደላቸው ክሌአንቲስ ነበር፤ ፕሮኮፒስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ዘይትህ ለመብራት እንኳ አይሆንም» ሲለው የኖረው ሰውዬ። ክሌአንቲስ ሰው ሁሉ እንዲያየው መንደሩን ሁለቴ ዞሮ ነው የወረደው።

ኢግናቲስ ያበጠውን ጎሚኒ ሁሉ አወጣ፣ ቱቦዎቹን ቀየረ፣ መስመሩን አጠበ፣ ትክክለኛውን ፈሳሽ ሞላ። አየሩን ለማስወጣት ሚርሲኒ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠችለት። እሱ ከሥር «ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» እያለ አራቱንም ጎማ ጨረሱ። ከዚያ ቁልቁል መንገድ ላይ ራሱ ነድቶ ሦስት ጊዜ አቆማት። ቸርኬዎቹን በእጁ ዳሰሰ፤ አልጋሉም።

በሦስተኛው ቀን የቀረው ወይራ ተጫነ። ፕሮኮፒስ ማንም ሳይጠራው ሚርሲኒ ጎን ገብቶ ተቀመጠ፣ ትንሹን ልጅ ጭኑ ላይ አደረገ። ትእዛዝ አልሰጠም። እያንዳንዱ ጥምዝምዝ ላይ ግን ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር፤ ሚርሲኒ ስትረግጥ እሱም ይረግጣል። አሥራ ሰባተኛውን ሲያልፉ እግሩን አሳረፈ።

«ፍሬኗ ይይዛል» አለ።

ሚርሲኒ ማርሽ ቀይራ ወደ መጭመቂያው ታጠፈች።