አስቴር የተፈተነችበት ክረምት

ባለፈው ሐሙስ ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ ደወለችልኝ። ፋርማሲስት ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ ስለ ልጁ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ አወራችኝ። ስለ ዝናብ ማውራት ስታበዛ ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እማዬ፣ ሥራውን ልተወው መሰለኝ» አለች በመጨረሻ።

ዲላ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ አቮካዶ እየላጥኩ ነበርና ቢላዋውን አስቀመጥኩ። መልስ ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም። «ቆይቼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁትና እዚያው እንደተቀመጥኩ አስቴርን አሰብኩ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ገደብ በምትባል ከተማ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ መምህራን ዲላ ኮሌጅ ገብቼ እማራለሁ። ሰኔ ላይ ተማሪዎቻችንን እናሰናብትና ሐምሌ ላይ እኛው ራሳችን ደብተር ይዘን እንሰለፋለን። አንድ ክረምት ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነበረበት።

አስቴር ከደጋው ከቡሌ የመጣች መምህርት ነበረች፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ትቀመጣለች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለቱን ልጆቿን ቡሌ ከባሏ ከታደሰ ጋር ትታ፣ የስድስት ሳምንት ሕፃኗን ይዛ ነበር የመጣችው። ሕፃን ዶርም አይገባም። ስለዚህ ከኮሌጁ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ከአማቷ ከእማማ ብርቄ ጋር ትኖር ነበር። እማማ ሕፃኑን አዝለው በሩ አጠገብ ከዘበኛው ቤት ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ፤ እረፍት ሲደወል አስቴር እየሮጠች ሄዳ ታጠባና ከመምህሩ እኩል ክፍል ትደርሳለች። ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነበር።

እማማ ብርቄ አማርኛን ገበያ ላይ የለመዱ የጌዴኦ ሴት ናቸው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «ወልዶ በወሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ እናት የት አይተሃል?» ይሉኛል፣ አስቴር እየሰማች። አስቴር ትስቃለች። እሳቸውም እንዲህ ብለው ሲያበቁ በቅቤ ያበደ የቡላ ገንፎ አገንፍተው ይሰጧታል፤ እስክትጨርስም አጠገቧ ይቆማሉ።

በዚያ ክረምት እኔም የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ገደብ ላይ አንድ ጨዋ ቤተሰብ ለልጁ ጠይቆኛል። ልጁን አልጠላሁትም። ብቻ «ከሠርጉ በኋላ ዲላ መመላለሱ ይቅር፤ ቤት ሰው ይፈልጋል» ብሎኛል። ለመስከረም መልስ መስጠት አለብኝ። እንግዲህ አስቴርን የማያት በዚህ ዓይን ነበር፤ አንድ ቀን እንደሚያቅታት እጠብቅ ነበር። ካቃታት መልሴ ይቀለኛል። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአስቴር የአራት ዓመት ልጅ ሩት መታመሟ ተሰማ። ክፍል ስላበቃ እማማ ብርቄ ሕፃኑን ለአስቴር ትተው ረቡዕ ወደ ቡሌ ወጡ። ዓርብ ደግሞ ትኩሳቱ አልበርድ ማለቱን የሚናገር ደብዳቤ መጣ። አስቴር አንብባ አጠፈችውና «ነገ ሄጄ አያታለሁ» አለች።

«ፈተናውስ?»

«ፈተናው ሰኞ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው» አለችኝ፣ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ መደመር እንደምታስረዳ።

ጭቃው ስለበረታ መኪና ወደ ቡሌ መውጣት አቁሞ ነበር። ቅዳሜ ገና ሲነጋ በእግር ተነሣን። ለምን እንደተከተልኳት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። እሷ ሕፃኑን አዘለች፤ እኔ ቦርሳውን ያዝኩ፤ ውስጡ የሕፃኑ ጨርቆች፣ የተቀቀለ በቆሎና የሂሳብ ደብተራችን ነበሩ።

መንገዱ መጀመሪያ በጥላ ዛፎች ሥር በተተከለ ቡና መሃል ያልፋል፤ ከዚያ እንሰቱ ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ ብርዱና ጉሙ ይቀበላሉ። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ክረምቱን ሙሉ ኢንተግራል የሚባለው የሂሳብ ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር። አንድ ቦታ ሕፃኑን ለማጥባት ስንቆም ይህንኑ ነገርኳት። እያጠባች በጃንጥላዋ ጫፍ ቀዩ ጭቃ ላይ አንድ ጠማማ መስመር አሰመረች።

«ይሄ የገበሬ ማሳ ነው እንበል። ዳሩ ጠማማ ነው። ስፋቱን ለኪ ብትባዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እቆራርጠዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ቀጭን ቀጭን አድርጌ።»

«ከዚያስ?»

«እደምረዋለሁ» አልኩና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ገብቶሻል» አለችና ሕፃኑን መልሳ አዘለች። ከዚያ በኋላ እየሄድን ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ከተሳሳትኩ ቆም ብላ ጭቃው ላይ ትጽፍልኛለች። የልጇ ነገር እንደ እሳት እያቃጠላት እንደነበር የገባኝ ሰው ሰላም ሲለን መልስ እንደማትሰጥ ሳይ ነው። ቁጥር ስትጠየቅ ብቻ ነበር የምትሰማው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ታደሰ ሩትን ታቅፎ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተሸክሞ ወስዶ መርፌ አስወግቷታል። አስቴርን ሲያይ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ተቆጣ።

«ለምን መጣሽ? ሰኞ ፈተና አይደለም እንዴ?»

እጇን ታጥባ ሩትን ተቀበለችው። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰችው ልጅ ከእናቷ እጅ የገብስ አጥሚት ፉት አለች። ታደሰ ያን አይቶ ወደ ውጭ ወጣ። ቦርሳዬን ላመጣ ስወጣ አጥሩን ተደግፎ አገኘሁት። «እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «እሷ እንድታቆም አልፈልግም።»

እሁድ ጠዋት የሩት ትኩሳት ቀንሶ ነበር፤ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። ከታችኛው ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ይሰማል። አስቴር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «አልሄድም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ይኸው የጠበቅኩት ቀን መጣ፤ ግን ምንም ደስ አላለኝም።

እማማ ብርቄ ሕፃኑን አነሡ፤ ጀርባቸው ላይ አደረጉና በነጠላ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ተነስ» አሏት።

«እማማ፣ ገና ትኩሳት አለባት እኮ።»

«ሩት አባት አለው። አባቱ እዚህ ነው። ፈተና ያለው አንተ ነህ። ተነስ!»

ያን ሁሉ ቁልቁለት በላስቲክ ጫማቸው ከፊታችን ወረዱ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላዩም።

ሰኞ ፈተናው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነበር፤ የወጣ አይመለስም። ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል ከውጭ የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማ። ወዲያው የአስቴር ሸሚዝ በወተት ራሰ። እኔ እስክሪብቶዬ ቆመ። እሷ ወደ ወረቀቱ ይበልጥ አጎነበሰች፤ እጇ ግን አልቆመም። ልቅሶው ከፍ ሲል ይበልጥ ትፈጥናለች። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲጽፍ አላየሁም። ከዚያ ተነሥታ ወረቀቷን አስረከበች፤ የመጨረሻውን ጥያቄ አልነካችውም። በመስኮት ሳያት ዝናቡ ውስጥ ትሮጣለች፤ እማማ ብርቄም የኮባ ቅጠል ከራሳቸው በላይ ይዘው ሊቀበሏት ይመጣሉ።

ውጤት ሲለጠፍ እሷ ሲ አገኘች። እኔ ቢ። ጭቃ ላይ ያስተማረችኝን ነው መልሼ የጻፍኩት። እዚያው ሰሌዳው ሥር አለቀስኩ፤ ክረምቱን ሙሉ መውደቋን ስጠብቅ እንደነበርም ነገርኳት።

«እኔም እጠብቅ ነበር» አለችኝ፤ ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና ሳቀች።

ሩት ዳነች። አስቴርም በሁለተኛው ክረምት ዲግሪዋን ጨረሰች። እኔ መስከረም ላይ ለገደቡ ልጅ አይሆንም አልኩ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አገባሁ፤ እየወለድኩ፣ እያስተማርኩ ጡረታ ወጣሁ።

ያን ክረምት ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜ የማወራው ግን ስለ አስቴር ብርታት ነበር። ሐሙስ ዕለት በረንዳው ላይ ሆኜ ሳስበው እማማ ብርቄ ትዝ አሉኝ። ሐሳባቸውን የቀየሩ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለውም ክረምት በሩ ላይ ተቀምጠው «የት አይተሃል?» የሚለውን ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምቻቸዋለሁ። ያላመኑበትን ነገር ጀርባቸው ላይ አስረው ያን ሁሉ መንገድ ወረዱ። ያ ፈተናው ላይ ካልቆመው ከአስቴር እጅ ባልተናነሰ አስደነቀኝ።

ለልጄ ደውዬ አስቴርን ሁኚ አላልኳትም። «እሁድ እመጣለሁ፤ ሥራውን ከተውሽውም ከቀጠልሽበትም እኔ እዚያ ነኝ» አልኳት። ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ሆኜ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ልጄ ጠዋት በር ላይ አልቅሳ ወደ ሥራ ሄዳለች። ነገ ትሄድ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም ገና አላወቀችም። የልጅ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል፤ ሞቃት ነው፤ ከጠበቅኩት በላይም ይከብዳል።