ከአልማዝ ትራስ ሥር የተገኘው ወረቀት

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ በጾመ ፍልሰታ፣ አዳማ ውስጥ ነው። ያስታወሰኝ ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ ሣጥን ነው።

እትዬ ጥሩነሽ የጓደኛዬ የአልማዝ እናት ናቸው። ዘንድሮ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አርባቸው ከወጣ በኋላ አልማዝ ሣጥናቸውን ብቻዋን መክፈት ከበዳትና ጠራችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ከአልጋ መውረድ አስጠልቷታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀርታለች። ሣጥኑ ውስጥ ያልተለበሰ ነጠላ፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው፣ ከእሱም ሥር በቀይ ክር የታሰረ እጥፍጥፍ ወረቀት አገኘን። ክሩን ገና ሳየው አወቅኩት።

ያን ክረምት ሁለታችንም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። አልማዝ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ተኛች። ሐኪሙ ሕመሙ ልቧን እንዳይነካ ክረምቱን ሙሉ እንድትተኛ፣ በየወሩም ፔኒሲሊን እንድትወጋ አዘዘ።

«አስኩ፣ ታሪክ አምጪልኝ። የጣራውን ሚስማር ቆጥሬ ጨረስኩት» አለችኝ።

ቤታችን ከዳዊትና ከተአምረ ማርያም ሌላ መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩላት። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ስለነበር ጀርባው ባዶ የሆነ አሮጌ የዕቃ መጫኛ ቅጽ ያመጣልን ነበር። በእሱ ላይ በእርሳስ አንድ መንግሥት አቋቋምኩ። ቤተ መንግሥቱ ፍል ውሃ የሚጨስበት ሐይቅ ዳር ነው። አንዲት ወጣት ንግሥት አለች፤ ዙፋኗን የሚመኝ እልፍኝ አስከልካይ አለ፤ የግቢውን መጻሕፍት ቤት የሚጠብቅ ሊቅም አለ። ከመጻሕፍቱ አንዱ በሰንሰለት የታሰረ፣ እንዳይነበብ የተከለከለ የአስማት መጽሐፍ ነው።

ስለ ንጉሥና ስለ ዙፋን መጻፍ በዚያ ዘመን ደግ አልነበረም። አባቴ «ንግሥቲቱን ሊቀመንበር ብታደርጊያትስ?» ብሎ ቀለደ፤ ወዲያው ዞሮ በሩን አየ።

አልማዝ ንግሥቲቱ በስሟ እንድትጠራ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። በየቀኑ ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ወረቀትና አንድ የተጠበሰ በቆሎ ይዤላት እሄዳለሁ። በቆሎውን ለሁለት እንሰብራለን። ወረቀቱን ደግሞ አንብባ ስትጨርስ፣ ጠያቂ እንዳያይባት አጣጥፋ ከእናቷ ጥልፍ በተረፈ ቀይ ክር ታስረውና ትራሷ ሥር ትከተዋለች። እኔም እሷም ምን እየሠራን እንደሆነ አላሰብንም።

እትዬ ጥሩነሽ ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርት ገበያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀታቸውን ከቅዱሳን ሥዕል ጎን ሰቅለውታል። አንድ ቀን ትራሱን ሲያራግፉ ወረቀቶቹ ወደቁ። የላይኛውን ፈትተው ፊደል በፊደል አነበቡት፦ «አልማዝ ሆይ፣ እንቅልፍሽ እንደ ድንጋይ ይክበድ፤ ጉልበትሽ አይታዘዝሽ፤ ፀሐይ አትይሽ።»

በእኛ አገር ከታመመ ሰው ትራስ ሥር የታሰረ ጽሑፍ ከተገኘ ሌላ ስም የለውም፤ ድግምት ነው።

ወረቀቶቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆነው ደጃችን ደረሱ።

«ልጄ ምን አደረገችሽ? ከአንድ መሶብ በልታችሁ!» አሉኝ።

«ጥሩነሽ፣ ተረጋጊ፤ የልጆች ጨዋታ ይሆናል» አለች እናቴ።

«ማንበብ እችላለሁ እኮ! እንደ ድሮው መሰልኩሽ? ከእንግዲህ መርፌውም ቀርቷል። ድግምት ያለበት ሰው መርፌ ከነካው አይተርፍም።»

አልማዝ የምትወጋው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሐኪሙ ስለ ልቧ የተናገረውን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ማልቀስ እንኳን አቃተኝ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እኔንና እትዬ ጥሩነሽን ወደ አባ ወልደ ሰንበት ወሰደችን። የሁለታችንም ቤት የነፍስ አባት ናቸው።

አባ ከቅዳሴ ወጥተው ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን አዩት፤ ገለበጡት።

«ይህ የባቡር ዕቃ መጫኛ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባ» አልኩ።

«ጥሩነሽ፣ ድግምተኛ ብራና ይፈልጋል እንጂ በእርሳስ አይጽፍም። ደግሞ እዪ፣ ሦስት ቦታ ሰርዛለች።»

«ብትሰርዝስ አባ! የልጄ ስም አለበት!»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ታንብብልን።»

አነበብኩ። እትዬ ጥሩነሽ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። እልፍኝ አስከልካዩ ሊቁን «መጽሐፉን ካልከፈትክ ልጅህን አታገኘውም» ሲለው ግን ዞሩ።

«ይሄ ውሻ! ልክ እንደ ቀበሌያችን…»

እናቴ ነጠላቸውን ጎተተች።

ሊቁ እየፈራ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ያን ቃል አነበበ፤ ንግሥት አልማዝ ወደቀች። ወረቀቱ አለቀ።

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«እስከዚህ ነው የጻፍኩት።»

«ልጄን እንዳጋደምሻት? አንቺ አስተኝተሻታል፣ አንቺ አስነሻት። ካስነሳሻት ትወጋለች።»

እውነቱን ልናገር፤ ንግሥቲቱን ልገድላት ነበር ያሰብኩት። ሞት ያምራል ብዬ ነው። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። ጠጋ ብዬ ለአባ ነገርኳቸው፤ «በምን ላስነሳት? በአስማት ከሆነ ኃጢአት ነው» አልኳቸው።

«አንቺን ጠዋት ጠዋት ማን ነው የሚያስነሳሽ?» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮት ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። ሊቁ ጥፋቱን ተናዘዘ። የቀሩትን መጻሕፍት ሁሉ ገለጠ፤ አንዱም አልሠራም። በመጨረሻ ማንበብ ስለማትችል ግቢ እንዳትገባ የተከለከለች የንግሥቲቱ እናት ዘበኞቹን ገፍትራ ገባች። አልጋው ራስጌ ቆማ «አልሚ፣ ተነሽ፤ ረፍዷል» አለች። ንግሥቲቱ ዓይኗን ገለጠች።

በማለዳ ሄጄ አልጋዋ አጠገብ አነበብኩላቸው። እትዬ ጥሩነሽ የልጃቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ነበር የሰሙት። ጎንበስ ብለው ጫማውን አጠለቁላት፤ ወጥተው ጋሪ ጠሩ። አልማዝ ተወጋች። በየወሩም ለብዙ ዓመት ተወጋች። ልቧ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጆቼ አስማት ያለበት ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። መጨረሻውን ካነበባችሁ በኋላ ኑ፣ እንነጋገራለን እላቸው ነበር።

ሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ወረቀት እርግማኑ መስሎኝ ነበር። ክሩን ስንፈታው የመጨረሻው ገጽ ሆነ። ከግርጌው፣ በእትዬ ጥሩነሽ ትልልቅ ፊደል፣ «ተነሣች» የሚል ተጽፎበታል። አልማዝ አነበበችው፤ አጣጥፋ መለሰችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ስልክ ደወልኩላት።

«አልሚ፣ ተነሽ፤ ረፍዷል» አልኳት። «ኪዳን ሊያመልጠን ነው።»